ስለ ህክምና ወጪ እንዴት እንከራከር? (ጉሮሯችን ሳይነቃ)

ባለፈው ሁለት ጓደኞቼ ስለ ህክምና ሲከራከሩ አመሹ። አንዱ «ህክምና መብት ነው፣ ሰው ገንዘብ ስለሌለው መሞት የለበትም፣ መንግሥት ይክፈል» ይላል። ሌላው «መንግሥት የያዘው ሆስፒታል ወረፋና ግልምጫ ነው፣ ለግሉ ይተው» ይላል። ሁለት ሰዓት ሙሉ ጉሮሯቸው እስኪነቃ ተጯጯሁ። መሃል ቁጭ ብዬ ስሰማ ቆይቼ ነው ነገሩ የገባኝ። አንዱ የሚያወራው ስለሚከፍለው ነው፣ ሌላው ስለሚያክመው። ሁለቱም ልክ ሊሆኑ ይችላሉ እኮ! መንግሥት እየከፈለ የግል ሐኪም የሚያክምበት አገር ሞልቷል።

አገር ህክምናን እንዴት ያቅርብ፣ ገንዘቡስ ከየት ይምጣ የሚለው ክርክር ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እንዲህ ነው። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለ ወሬ ሲነሳ የምከተለው መንገድ አለኝ፣ እነሆ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

1. መጀመሪያ ጥያቄውን በታትኑት

«የጤና ሥርዓት» አንድ ጥያቄ አይደለም፣ ቢያንስ ሦስት ነው። ማን ይከፍላል? ማን ያክማል? ምን ምኑ ይሸፈናል? ከመከራከራችሁ በፊት እያንዳንዱ ሰው ለሦስቱም የየራሱን መልስ በአንድ በአንድ መስመር ይጻፍ። ቀልድ ይመስላል፣ ግን የክርክሩ ግማሽ እዚሁ ያልቃል።

ለምን ቢባል፣ አገሮቹ ራሳቸው መልሶቹን የሚያደባልቁት በየፊናቸው ነው። ብሪታንያ በ1948 ያቋቋመችው ብሔራዊ የጤና አገልግሎት በዋናነት የሚኖረው በግብር ነው፣ ሆስፒታሎቹም በአብዛኛው የመንግሥት ናቸው። እዚያም ቢሆን ግን ሰው መጀመሪያ የሚያየው የሰፈር ሐኪም ብዙ ጊዜ የመንግሥት ተቀጣሪ ሳይሆን ከአገልግሎቱ ጋር ውል ገብቶ በራሱ የሚሠራ ነው። ካናዳ ውስጥ ከፋዩ የየግዛቱ መንግሥት ነው። ሐኪሙ በአብዛኛው በግሉ ይሠራና ሂሳቡን ለግዛቱ ይልካል። ጀርመን ደግሞ የዚያን ጊዜ ቻንስለሯ ቢስማርክ በ1883 ባስወጣው ሕግ የጀመረው የሠራተኞች የህመም መድን አላት። ዛሬም በመዋጮ ነው የሚኖረው፣ አሠሪና ሠራተኛ ይካፈሉታል፣ ገንዘቡን የሚይዙት ራሳቸውን የሚያስተዳድሩ የመድን ድርጅቶች ናቸው፣ ሆስፒታሉ የከተማ አስተዳደርም የበጎ አድራጎትም የግልም ሊሆን ይችላል። ስዊዘርላንድ ከ1996 ጀምሮ ነዋሪ ሁሉ መድን እንዲገዛ ታስገድዳለች፣ ሻጩም ለመሠረታዊው መድን የመጣን ሰው «አንተማ በሽተኛ ነህ» ብሎ መመለስ አይችልም።

ይህን ሁሉ «የመንግሥት» እና «የግል» በሚሉ ሁለት ቃላት ጠቅልሎ መከራከር ያው እንደ ጓደኞቼ መሆን ነው።

2. «ነፃ» የሚለውን ቃል ከልክሉ

እውነቴን ነው፣ ለአንድ ምሽት ማንም «ነፃ» እንዳይል ተስማሙ። በምትኩ «ስታከም የማልከፍለው» በሉ። ረዘም ይላል፣ ግን ቀጥሎ ያለውን ጥያቄ በግድ ይጠራል፦ ታዲያ መቼ ነው የምከፍለው? ማንስ ነው የሚከፍለው?

ገንዘቡ የሚመጣው ከጥቂት ቦታ ብቻ ነው። ከግብር፣ ከደሞዝ ከሚቆረጥ መዋጮ፣ ሰው ራሱ ከሚገዛው መድን፣ ከታካሚው ኪስ፣ በአንዳንድ አገር ደግሞ ከውጭ እርዳታ። «መንግሥት ይክፈል» የሚል ሰው ካለ ጠይቁት፣ በየትኛው ግብር? በገቢ ግብር ከሆነ ብዙ የሚያገኘው ብዙ ይከፍላል። ከሸቀጥ ላይ በሚሰበሰብ ግብር ከሆነ ግን ድሃውም በገዛ ቁጥር ይከፍላል። «ከደሞዝ ይቆረጥ» የሚለውንም አትለፉት፣ ደሞዝ የሌለው ሰውስ? የቀን ሠራተኛው፣ ገበሬው፣ ጉልት ሻጯ ከየት ይቆረጥባቸዋል? ከሕዝቡ ብዙው ቋሚ ደሞዝ በማያገኝበት አገር የጀርመን መንገድ ብቻውን ሩቅ አይወስድም። ጋና በ2003 በሕግ ያቋቋመችው የጤና መድን ለዚህ ነው ገንዘቡን ከብዙ ቦታ የሚለቅመው። በሸቀጥና አገልግሎት ላይ 2.5 በመቶ ቀረጥ ተጣለ፣ ከመደበኛ ሠራተኞች የማኅበራዊ ዋስትና መዋጮ ድርሻ ተወሰደ፣ ሌሎች አባላት ደግሞ ዓመታዊ ክፍያ ይከፍላሉ።

የግሉን መንገድ የሚደግፈውም ተመሳሳይ ጥያቄ አለበት። «ሁሉም የራሱን ይክፈል» ማለት በተግባር ክፍያው በታመመበት ቀን ይምጣ ማለት ነው። ሰው ደግሞ ሲታመም ነው ሥራ የሚያጣው። የዓለም ጤና ድርጅትና የዓለም ባንክ በ2023 ባወጡት ሪፖርት መሠረት ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ከኪሳቸው በሚያወጡት የህክምና ወጪ ምክንያት ችግር ውስጥ ናቸው።

3. ግዴታ ወይስ በፈቃድ?

ይህችን ነጥብ ብዙ ሰው ይዘላታል፣ እኔ ግን የምወዳት እሷን ነው። «መድን ጥሩ ነው፣ ግን ማንም አይገደድ» ማለት በጣም ልከኛ ሐሳብ ይመስላል። አሁን አስቡት። መድኑ በፈቃድ ነው፣ ድርጅቱ ደግሞ የታመመን ሰው መመለስ ተከልክሏል። ማን ይመዘገባል? ጤነኛው «ሲያመኝ እገባለሁ» ይላል። ያመመው ዛሬውኑ ይመዘገባል። ድርጅቱ የሚያወጣው ስለሚበዛ ክፍያውን ይጨምራል፣ ሲጨምር ገና በደህና ጤንነት ላይ ያሉት ይወጣሉ፣ እነሱ ሲወጡ ደግሞ ቋቱ ውስጥ የሚቀረው የታመመ ብቻ ይሆንና ክፍያው እንደገና ይሰቀላል።

ስለዚህ ከሦስት ነገሮች ቢያንስ አንዱን መቀበል ግድ ነው። ወይ ሁሉም ይገደድ፣ ወይ የታመመው ይመለስ፣ ወይ መንግሥት ጉድለቱን በድጎማ ይሙላ። «ሦስቱንም አልፈልግም» የሚል ተከራካሪ ካጋጠማችሁ በትህትና አንዱን አስመርጡት።

4. እያንዳንዱ ሥርዓት «አይሆንም» የሚልበት ቦታ አለው፣ ፈልጉት

ሐኪም፣ አልጋና መድኃኒት በየትም አገር የተወሰነ ነው። ስለዚህ የሆነ ቦታ ላይ የሆነ ሰው ይቀራል። አንዱ ሥርዓት በዋጋ ያስቀራል፣ የሌለው አይገባም። ሌላው በወረፋ ያስቀራል፣ ሁሉም ይገባል ግን ወራት ይጠብቃል። ሦስተኛው በዝርዝር ያስቀራል፣ «ይህ መድኃኒት አይሸፈንም» ይላል። ብሪታንያ ከ1999 ጀምሮ መድኃኒቱ ከሚያስገኘው ጥቅም አንጻር ዋጋው ያዋጣል አያዋጣም ብሎ የሚመዝን ተቋም አላት። ይህ ጭካኔ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። እኔ ግን ቢያንስ መስፈርቱ ስለሚታወቅ፣ በሩ ላይ የቆመ ሰው ፊት አይቶ ከሚወስን ይሻለኛል።

ወሰኑ የት ይሁን የሚለው ደግሞ ሥርዓቱን የፈጠሩትን ሳይቀር ያጣላል። የብሪታንያን አገልግሎት ያቋቋመው ሚኒስትር አናይሪን ቤቫን በ1951 ከካቢኔ የወጣው መንግሥቱ በመነጽርና በሰው ሠራሽ ጥርስ ላይ ክፍያ ለማስከፈል ስለወሰነ ነው። በመነጽር!

5. የሌላ አገር ምሳሌ ሲመጣ «የትኛው ክፍሉ?» በሉ

«አሜሪካን አታይም?» የሚል ሰው አይጠፋም። እሺ፣ የትኛዋን አሜሪካ? ዕድሜው 65 የሞላውን በዋናነት የሚሸፍነው ሜዲኬር የመንግሥት መድን ነው። ሜዲኬይድ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ነው፣ ሁለቱም በ1965 የመጡ ናቸው። ለቀድሞ ወታደሮች መንግሥት ራሱ ሆስፒታል ያስተዳድራል፣ ልክ እንደ ብሪታንያ። ሌላው ብዙ ሰው ደግሞ መድን የሚያገኘው ከአሠሪው ነው። ይህም ቢሆን ማንም አስቦበት የነደፈው አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት የደሞዝ ጭማሪን ሲገድብ አሠሪዎች ሠራተኛ ለመሳብ መድን ማቅረብ አበዙ፣ በኋላ የግብር ሕጉ ደገፈው፣ በዚያው ቀረ። አገሪቱ ከጠቅላላ ምርቷ ከ17 እስከ 18 በመቶ ገደማ ለጤና ታወጣለች፣ ከሀብታም አገሮች አንደኛ ናት፣ አሁንም መድን የሌላቸው ሚሊዮኖች አሉ። ይህን ቁጥር «ግል አይሠራም» ለማለት ብቻ የሚጠቀምበት ሰው ግን ስዊዘርላንድንም ያስረዳ፣ ምክንያቱም እዚያም ሻጮቹ የግል ናቸው፣ ሁሉም ሰው ግን መድን አለው።

6. የራሳችሁን ጉድ ቀድማችሁ አውጡ

ይህ ዘዴ ነው፣ ሐቀኝነትም ነው። ራንድ የተባለው የአሜሪካ የጥናት ተቋም በ1970ዎቹ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን በዕጣ ከፋፍሎ ነበር። ለአንዳንዶቹ ህክምናው ሙሉ በሙሉ ተሸፈነ፣ ሌሎቹ ከወጪው የተወሰነውን ከኪሳቸው እንዲከፍሉ ተደረገ። ከኪሳቸው የሚከፍሉት የታከሙት ባነሰ መጠን ነው፣ የአብዛኞቹ ጤና ግን በዚህ የተነሳ አልተጎዳም። «ይኸው! ሰው ዝም ብሎ ነው ሐኪም ቤት የሚመላለሰው» የሚል ይኖራል። ቆይ ግን፣ ሰዎቹ የተዉት የማያስፈልገውን ህክምና ብቻ አልነበረም፣ የሚያስፈልገውንም እኩል ነው የተዉት። ከድሆቹ መካከል አስቀድሞ ደም ግፊት የነበረባቸው ሰዎች ደግሞ ህክምናው ሲሸፈንላቸው ግፊታቸው የተሻለ ቁጥጥር ውስጥ ገባ።

አያችሁ፣ አንድ ጥናት ለሁለቱም ወገን የሚመች ነገር አለው። ለእናንተ የማይመቸውን ግማሽ ራሳችሁ ከተናገራችሁት ሰው ማዳመጥ ይጀምራል።

7. «ከዚህ ወደዚያ እንዴት?» የሚለውን አትርሱ

ግሩም ሥዕል መሳል ቀላል ነው። ካናዳ ውስጥ የሳስካቸዋን ግዛት በ1962 መንግሥታዊ የህክምና መድን ሲጀምር ሐኪሞቹ ለ23 ቀናት ሥራ አቆሙ። የተፈታው በስምምነት ነው፣ መድኑ ቀጠለ፣ ሐኪሞቹም ተቀጣሪ ሳይሆኑ በግላቸው መሥራታቸውን ቀጠሉ። የዛሬው የካናዳ መልክ ከሊቅ ጭንቅላት ሳይሆን ከእንዲህ ያለ ድርድር ነው የወጣው።

ታይላንድም አለች። በ2001 የጀመረችው፣ ሲጀመር ታካሚው በአንድ ጉብኝት በአገሩ ገንዘብ 30 ባት ብቻ ይከፍልበት የነበረው ሥርዓት በሰፊው ይወደሳል። የሚረሳው ግን ከዚያ በፊት ለዓመታት የወረዳ ሆስፒታል ስትገነባና አዲስ ተመራቂ ሐኪሞችን ወደ ገጠር ስትልክ መቆየቷ ነው። የመድን ካርድ ይዞ የሚሄዱበት ሐኪም ከሌለ ካርዱ ወረቀት ነው። ስለዚህ ሐሳብ ያቀረበ ሁሉ እነዚህን ይመልስ፦ መጀመሪያ የትኛው ይቅደም? በሽግግሩ የሚከስረው ማን ነው? እሱንስ በምን ትይዙታላችሁ?

8. ማቆሚያውን እወቁ

ይህን ሁሉ አልፋችሁ አሁንም ካልተስማማችሁ፣ የቀረው ምናልባት «ጤነኛው ለታመመው፣ ወጣቱ ለሽማግሌው ስንት ድረስ ይክፈል?» የሚለው ብቻ ይሆናል። እሱን ቁጥር አይፈታውም። እዚያ ጋ ስትደርሱ ሌላ ጥናት ፍለጋ ስልክ አታውጡ። «እኔ እስከዚህ ድረስ እከፍላለሁ፣ አንተስ?» ብላችሁ መልሱን ስሙና ወደ ሌላ ወሬ እለፉ።