ጅማ ተቀምጦ ሎስ ሳንቶስ ላይ ፖሊስ መሆን፦ የማመልከቻ አሞላል

ጂቲኤ 5 ሎስ ሳንቶስ በሚባል የፈጠራ ከተማ ውስጥ የሚካሄድ የኮምፒዩተር ጌም ነው። ይሄንን ጌም ፋይቭኤም በሚባል ተጨማሪ ፕሮግራም የሚያጫውቱ የሮልፕሌይ ሰርቨሮች፣ ማለትም ሁሉም አንድ ገጸ ባሕርይ ሆኖ የሚጫወትባቸው፣ ላይ ሌባ ለመሆን ማንንም አታስፈቅድም። ትገባለህ፣ ትዘርፋለህ፣ ትያዛለህ፣ አለቀ። ፖሊስ ለመሆን ግን ማመልከቻ አለ፣ ኢንተርቪው አለ፣ ስልጠና አለ። ጅማ ውስጥ ፈረንጅ አራዳም በለው ሄርማታ፣ ጌም የሚጫወት ልጅ ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «ቆይ፣ ለምንድነው የማይቀበሉኝ?» ተኩስ ስለማትችል እንዳይመስልህ። ማመልከቻ የሚያነቡት ሰዎች የሚፈልጉት ከሌላው ተጫዋች ጋር ተረጋግቶ ታሪክ የሚሠራ፣ ሌባው ሲያመልጥበት የማይበሳጭ ሰው ነው።

መጀመሪያ ጌሙ። ፋይቭኤም የተገዛ ጂቲኤ ይፈልጋል። ክራክ (ሳይገዛ የተሰበረ ኮፒ) አይሠራም፣ አትልፋ። ከዚያ የሰርቨሩ ዲስኮርድ (ተጫዋቾች የሚነጋገሩበት መተግበሪያ) ውስጥ ግባና ሕጉን ከላይ እስከ ታች አንብብ። አንዳንዶቹ ሕጉ መሃል አንድ ቃል ደብቀው ማመልከቻው ላይ ይጠይቁሃል፣ ያላነበበ ወዲያው ይታወቃል። ጥቂት ሳምንት ደግሞ እንደ ተራ ነዋሪ ተጫወት። ታክሲ ንዳ፣ መኪና ጠግን። ስምህን ከዚያ በፊት የሚያውቅ ሰው ካለ ማመልከቻህ በሌላ ዓይን ይታያል።

ፎርሙ ላይ የእኛ ሰው የሚወድቅባቸው ሁለት ቀላል ጥያቄዎች አሉ። አንዱ ዕድሜ ነው። የትውልድ ዓመትህን በእኛ አቆጣጠር ከጻፍክ ባንድ ጊዜ ሰባት ስምንት ዓመት ታረጃለህ፣ በኋላ ኢንተርቪው ላይ ሌላ ቁጥር ስትናገር ውሸታም ትባላለህ። በፈረንጅ ጻፈው። ሌላው ሰዓት ነው። የሰዓት ክልላችን ዩቲሲ ፕላስ 3 ነው። «ማታ 2 ሰዓት እገባለሁ» ለማለት 20:00 ብለህ ጻፍ። ሰርቨሩ የማን እንደሆነም አስብ፦ በክረምታቸው ለንደን ላይ ከምሽቱ 20:00 ሲሆን እዚህ ማታ 5 ሰዓት ነው፣ ኒውዮርክ ላይ 20:00 ሲሆን ግን እዚህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው። ጠዋት ክላስ ያለው የዩኒቨርሲቲ ልጅ የአሜሪካ ሰርቨር ላይ «በየቀኑ እገኛለሁ» ብሎ ባይፈርም ይሻለዋል። በሳምንት የምትችለውን ያህል ብቻ ጻፍ።

የካራክተርህ (ጌሙ ውስጥ የምትሆነው ሰው) ታሪክ ላይ ደግሞ ወላጆቹን አትግደልበት። እውነቴን ነው፣ ግማሹ አመልካች ወላጆቹ በሽፍታ የተገደሉበት ተበቃይ ነው፣ አንባቢዎቹ ሰልችቷቸዋል። ለምን የጅማ ልጅ አታደርገውም? አባቱ ቡና ነጋዴ ነበር፣ እሱ አሜሪካ ሄዶ መኪና ማቆሚያ ሲጠብቅ ኖረ፣ ሰው ሲያታልለው ቶሎ ያምናል። አንድ ድክመት ስጠው። አሥር አሥራ አምስት መስመር ይበቃል። በቻትጂፒቲ አታስጽፈው፣ ያስታውቃል፤ የተሰባበረች የራስህ እንግሊዝኛ ትሻላለች።

አሁን ወደ ዋናው፣ «እንዲህ ቢያጋጥምህ ምን ታደርጋለህ?» ወደሚለው ጥያቄ። ብዙ ጊዜ የሚመጣው በፍጥነት የሚነዳ መኪና ማስቆም ነው። መልስህን በቅደም ተከተል ጻፈው። መብራት ታበራለህ፣ በሬዲዮ ቦታህን፣ የታርጋውን ቁጥርና ውስጥ ስንት ሰው እንዳለ ትናገራለህ። መኪናህን ከኋላው ትንሽ ወደ ግራ አውጥተህ ታቆማለህ፣ በዚያ በኩል ስትሄድ ከሚያልፈው መኪና እንዲከልልህ። ስምህን ትናገራለህ፣ ለምን እንዳስቆምከው ትነግረዋለህ፣ መንጃ ፈቃድ ትጠይቃለህ። ሽጉጥ የሚባል ነገር እስካሁን አልተነሳም፣ ልብ በል። ሰውየው ቢሳደብ እንኳ ቃል ይቀድማል፣ ከዚያ እጅ፣ ከዚያ ቴዘር (በኤሌክትሪክ የሚያደነዝዝ መሣሪያ)፣ ሽጉጥ ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ ብቻ።

ፓወርጌሚንግ ምንድነው ብለው ይጠይቁሃል። ትርጉሙን ኮፒ ፔስት ከማድረግ በምሳሌ አሳያቸው። ካራክተርህ የሚያደርገውን በምትጽፍበት ትእዛዝ «እጁን ጠምዝዞ ካቴና አሰረው» ብለህ ከጻፍክ ለሌላው ተጫዋች ምንም አላስቀረህለትም፣ ፓወርጌሚንግ ይሄ ነው። «እጁን ይዞ ካቴና ሊያስርበት ይሞክራል» ካልክ ግን እሱም ይመልሳል፣ ጨዋታው ይቀጥላል። ሜታጌሚንግ ደግሞ ካራክተርህ ሊያውቀው የማይችለውን፣ ለምሳሌ ጓደኛህ ዲስኮርድ ላይ የነገረህን የዘራፊ መደበቂያ፣ ጌሙ ውስጥ መጠቀም ነው።

ሰው ስታስር መብቱን ማንበብም ይጠየቃል። ይሄ በፈረንጅ 1966 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሚራንዳ በሚባለው መዝገብ ከወሰነው የመጣ ነው። ለእኛ ባዕድ አይደለም፤ በእኛ አቆጣጠር በ1987ቱ ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 19 ላይም የተያዘ ሰው ያለመናገር መብት አለው፣ የሚናገረው ማስረጃ ሊሆንበት እንደሚችልም ወዲያው ሊነገረው ይገባል። ሐሳቡ ከገባህ በቃልህ ማነብነብ አያስፈልግህም።

ከላክህ በኋላ አድሚኑን «አየኸው ወይ?» እያልክ አትነዝንዘው። ብዙ ቦታ ይሄ ብቻውን ያስጥላል።

ኢንተርቪው በድምፅ ነው። ጅማ ነህና ዝናቡን አስብበት፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ማይክህ ሌላ አያሰማም፣ ስለዚህ ቁልፍ ሲጫኑ ብቻ ማይኩ የሚሠራበትን አማራጭ ተጠቀም። መብራት ከሄደስ? ማሳደድ መሃል ድንገት መጥፋት እንደ ማምለጥ ሊቆጠርብህ ስለሚችል ዲስኮርድ ስልክህ ላይም ይኑር፣ በዳታ ገብተህ «መብራት ሄዶብኝ ነው» ብለህ ወዲያው ጻፍላቸው። ከተቀበሉህ መጀመሪያ ካዴት (ሠልጣኝ) ሆነህ ከአሠልጣኝ ፖሊስ ጋር ጋቢና ትቀመጣለህ። መሪ ልያዝ አትበል። ሬዲዮውን አዳምጥ፦ ቴን ፎር ማለት ሰምቻለሁ ነው፣ ቴን ትዌንቲ ያለህበት ቦታ ነው፣ ኮድ ፎር ደግሞ ተጨማሪ እርዳታ አያስፈልግም ማለት ነው። አንዳንዱ ሰርቨር የራሱ ዝርዝር አለው፣ ከመጀመሪያው ፈረቃህ በፊት ጠይቀህ ውሰድ።