የወረሱትን የኪራይ ቤት ሲሸጡ ውሉ ለምን ይመለሳል?

ምልክቱ፦ የአዲስ አበባው ቤት ገዢ አግኝቷል፣ ካርታው እዳና እግድ የለበትም፣ የወራሽነት ማስረጃውም በእጅ አለ፤ ሻጭና ገዢ ሰነድ ማረጋገጫ ቢሮ ለመፈራረም ሲቀርቡ ግን ሰነዱ ይመለስባቸዋል።

መንስኤው፦ እኔ ካየኋቸው አብዛኞቹ የወደቁት ውጭ አገር ያለ ወራሽ በላከው ውክልና ምክንያት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2204 መሠረት ጠቅላላ ውክልና ከአስተዳደር ሥራ አያልፍም፤ ቤት ለመሸጥ ቁጥር 2205 ልዩ ውክልና ይጠይቃል። ከሪያድ የመጣ አንድ ውክልና ሁለት ገጽ ሙሉ «እንዲያስተዳድር፣ እንዲያከራይ፣ ኪራይ እንዲሰበስብ፣ በስሜ እንዲፈርም» ይል ነበር፤ «እንዲሸጥ» የምትለው ቃል ግን የለችበትም። ታላቅ ወንድም ቀብድ ተቀብሎ ለተከራዮቹ ክፍሎች ጣሪያ አውሎት ነበር፤ ቀብድ የተቀበለ ሰው ውሉን ካፈረሰ እጥፉን እንደሚመልስ በቁጥር 1885 ስለተደነገገ፣ አዲሱ ውክልና እስኪደርስ ቤተሰቡ እንቅልፍ አጣ።

መፍትሔው፦ የውክልናውን ቃል እዚሁ አዘጋጅተው ይላኩ። የካርታው ቁጥርና የቤቱ አድራሻ ተጠቅሶ፣ «በውርስ የደረሰኝን ድርሻ እንዲሸጥ፣ የሽያጭ ውል እንዲፈርም፣ ዋጋውን እንዲቀበል፣ ስመ ሀብቱን እንዲያዛውር» ተብሎ በግልጽ ይጻፍ፤ የወካዩ ስምም ከወራሽነት ማስረጃው ጋር በፊደል ይመሳሰል። ከዚያ በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ተረጋግጦ፣ አዲስ አበባ ሲደርስ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ይመዝገብ። ለመኪናም ለቤትም አንድ ዓይነት ቅጽ የሚያትሙ ጸሐፊዎች ስንቱን ቤተሰብ እንዳንገላቱ አይቻለሁና በእነርሱ አይተማመኑ። ይህ ሳያልቅ ቀብድ አይቀበሉ፤ አንድ ብርም ቢሆን።

ሟች በሕይወት ሳሉ የሰጡት ውክልና በሞታቸው ይቀራል፤ በእርሱ መፈረም ራስን ለክስ ማጋለጥ ነው።

ውርስ አጣሪ ሆኖ መሾምም ብቻውን ቤት አያሸጥም፤ የወራሾች ሁሉ ስምምነት ወይም የፍርድ ቤት ፈቃድ ያስፈልጋል። ከወራሾቹ አንዱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ከሆነ የፍርድ ቤቱን ፈቃድ አስቀድመው ይጠይቁ። በትዳር የተፈራ ቤት ከሆነ ደግሞ የባል ወይም የሚስት ግማሽ ከውርሱ ውጭ ስለሆነ በሕይወት ያለው የትዳር ጓደኛ ራሱ ይፈርማል።

ያልተከፈለ የኪራይ ገቢ ግብር ስም ማዞሩን እንዳያስቆም ቀድሞ ይጣራ። የተከራዮቹንም ውል ለገዢው ያሳዩ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1320 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ስለሚደነግግ፣ ገዢው ቤቱን ባዶ አገኛለሁ ብሎ ከከፈለ በኋላ ሰው ተቀምጦበት ቢያገኝ ጠቡ ከሻጩ ጋር ይሆናል።