ጥልፍ እንዲያረጋጋችሁ ልታስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በእጅ ቀስ ብሎ መጥለፍ መንፈስን ያረጋጋል የሚባለው ዝም ብሎ አይደለም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የቆሰሉ የእንግሊዝና የሌሎች አገሮች ወታደሮች ሆስፒታል ተኝተው ጥልፍ ይማሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1919 ለንደን በሚገኘው የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል ለጦርነቱ ማብቂያ የምስጋና ጸሎት ሲደረግ፣ የመሠዊያውን ልብስ የጠለፉት ከ130 በላይ የሚሆኑ እንዲህ ያሉ ወታደሮች ነበሩ።

እጅ ያንኑ እንቅስቃሴ ሲደጋግም፣ ዓይንም አንድ ቦታ ላይ ሲያርፍ፣ ትንፋሽ ሳይታወቅ ረገብ ይላል። ታዲያ ብዙ ሰው ጀምሮ «ኧረ ይሄ ነገር ጭራሽ ያናድዳል!» ብሎ የሚተወው ለምንድን ነው? እኔ እንደማየው፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ያለው አያያዙ ላይ ነው።

በትልቅ ሥራ መጀመር

የሀበሻ ቀሚስ ከአንገት እስከ እግር እጠልፋለሁ፣ ወይም የሶፋ ልብስ ሙሉውን እሠራለሁ ብላችሁ አትነሱ። የማያልቅ ሥራ ራሱ ጭንቀት ነው። መዳፍ የምታክል ጨርቅ ትበቃለች። ጨርቁ ደግሞ አቡጀዴ ይሁን። ሳቲን ያንሸራትታል፣ ነጠላ ሳሳ ስለሚል ክሩ ሲሳብ ይሸበሸባል። አቡጀዴ ግን መርፌውን ያዝ ያደርጋል፣ ርካሽም ነው፤ ቢበላሽ አያስቆጭም። መጀመሪያ በውኃ ነክራችሁ አድርቁት፣ ኋላ ሲታጠብ እንዳይሰበሰብባችሁ። ከዚያ በእርሳስ አንድ መስመር አስምሩና እሱን ተከተሉ።

ረጅም ክር መቁረጥ

ይሄኛው ከሁሉም የከፋ ነው፣ ብዙ ሰው ግን ልብ አይለውም። ቶሎ ቶሎ መርፌ ውስጥ ክር ላለማስገባት ሲባል ሁለት ሜትር ይቆረጣል። ያ ክር በየስፌቱ ትንሽ ትንሽ ይጠማዘዛል፣ ከዚያ ራሱ ላይ ይጠመጠምና ይቋጠራል። ቋጠሮውን ለመፍታት ስትታገሉ ትከሻችሁ ወደ ጆሯችሁ ይወጣል። የመጣችሁበት መረጋጋት እዚያው ላይ አለቀ።

አንድ ክንድ ክር ይበቃል፤ ከክርናችሁ እስከ መሐል ጣታችሁ ጫፍ ማለት ነው። የተለመደው የጥልፍ ክር ደግሞ ስድስት ቀጫጭን ክሮች አንድ ላይ ሆነው ነው። ለጀማሪ ሁለቱ ይበቃሉ። ሁለቱን አንድ ላይ አትሳቡ፣ ይተበተባሉ። ጫፉን በሁለት ጣት ያዙና አንዷን ብቻ ወደ ላይ ሳቡ። የቀሩት ታች ሰብሰብ ይላሉ፤ ወጥታ ስታልቅ ዝርግት ይላሉ። ሁለተኛዋንም እንዲሁ። እየሠራችሁ ክሩ መጠማዘዝ ከጀመረ ጨርቁን ከፍ አድርጉና መርፌውን ልቀቁት። ተንጠልጥሎ እየተሽከረከረ ራሱ ይፈታዋል። እሱ እስኪቆም ስትጠብቁ እናንተም ትንሽ ታርፋላችሁ።

በአንድ ዓይን ስልክ፣ በአንድ ዓይን መርፌ

አዲስ አሠራር ከቪዲዮ መማር ጥሩ ነው። ተማሩና ዝጉት። ቲክቶክ ላይ በሁለት ደቂቃ አበባ የምትጨርሰው ልጅ ቪዲዮዋ ተቆራርጦ የተፋጠነ ነው፤ ከእሷ ጋር አትወዳደሩ።

ያልተስተካከለችውን ስፌት ሁሉ መፍታት

በባንግላዴሽና በሕንዷ ምዕራብ ቤንጋል ካንታ የሚባል የእጅ ሥራ አለ። ሴቶች ያረጁ ሳሪዎችን ደራርበው በቀላል ስፌት ያያይዟቸዋል። ክሩንም ብዙ ጊዜ የሚያወጡት ከዚያው ከአሮጌው ሳሪ ዳርቻ ነበር። ጨርቁ በስፌቶቹ መሐል ትንሽ ትንሽ ይጨማደዳል፣ ውበቱም እሱ ነው። እጅ የሠራው ነገር እንደ ማሽን አይሆንም፣ መሆንም የለበትም። የምትቀጥለውን ስፌት የምታበላሽ ከሆነች ፍቱ። አለበለዚያ እለፏት።

ቀን መቁረጥ

«ለፋሲካ ይደርሳል» ብላችሁ ለሰው ቃል አትግቡ። ቃል ከገባችሁ ጥልፉ የቤት ሥራ ይሆንባችኋል። ለሽያጭ መሥራት የተከበረ ሙያ ነው፤ ለመረጋጋት የያዛችሁት ግን ሌላ ይሁን።

ብርሃንና አቀማመጥን መናቅ

በቀኝ እጅ የምትሠሩ ከሆነ ብርሃኑ ከግራ ይምጣ፤ አለዚያ የእጃችሁ ጥላ ሥራው ላይ ያርፋል። ጉልበታችሁ ላይ ትራስ አድርጉና ሥራውን ወደ ዓይናችሁ አምጡት፤ አንገታችሁን ወደ ሥራው አትድፉ። በየሃያ ደቂቃው ቀና ብላችሁ ሩቅ ተመልከቱ። ማታ ጥቁር ጨርቅ ላይ ባትሠሩ ይሻላል።

የጨነቃችሁ ቀን ብቻ ማንሳት

እ.ኤ.አ. በ2013 በእንግሊዝ የሙያ ሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ከ3,500 በላይ ሹራብ ሠሪዎችን ጠይቆ ነበር። አዘውትረው የሚሠሩት የበለጠ እንደሚረጋጉ ተናግረዋል። ጥናቱ ስለ ሹራብ ነው፣ ያውም ሰዎቹ ስለ ራሳቸው የተናገሩት ነው፤ ግን ጥልፍም እጅ የሚደጋግመው ሥራ ስለሆነ ከዚህ የሚርቅ አይመስለኝም። ስለዚህ ክር የገባበት መርፌና ጨርቁን በአንድ ክዳን ባለው ቆርቆሮ ልጆች የማይደርሱበት ቦታ አስቀምጡ። ቡና እስኪፈላ ድረስም ቢሆን አውጡት።

ለሳምንታት እንቅልፍ ካጣችሁ፣ ወይም ምግብ ከዘጋችሁ ግን ነገሩን ለመርፌ አትተዉት። ሐኪም ጋ ሂዱ። ጥልፉን ያዙት፣ ወረፋ ስትጠብቁ ትሠሩበታላችሁ።