«ሰርተፊኬት አለው» ከማለታችሁ በፊት

ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ሳለ በቅርቡ ከፖሊ ግቢ የተመረቀ ልጅ፣ «ጋሼ፣ እያንዳንዱ ሰርቪስ ለብቻው ተፈትሾ ካለፈ ሲስተሙ እንደገና የሚፈተሸው ለምንድን ነው?» አለኝ። በሰርቪሶች (እያንዳንዳቸው አንድ ሥራ ይዘው እርስ በርስ በሚጠራሩ ትናንሽ ፕሮግራሞች) የተገነባ ወታደራዊ ሶፍትዌር ላይ የሚሠሩ ስህተቶች አብዛኞቹ ከዚችው ጥያቄ ይመዘዛሉ።

የመጀመሪያው ስህተት ከቃሉ ይጀምራል። አማርኛችን ለሁለት ነገር አንድ «ደህንነት» ሰጥቶናል (ቃሉን ሲሰማ ሌላ መሥሪያ ቤት ትዝ የሚለውም አይጠፋም)። ሲስተሙን ከሰርጎ ገብ መጠበቅ አንድ ነገር ነው፤ ሲስተሙ ራሱ ሰው እንዳይጎዳ ማድረግ ሌላ። ወገን ጦር የት እንዳለ የሚናገር መልእክት ማንም ያልነካካው፣ በሚገባ የተመሰጠረ ሊሆን ይችላል። አምስት ደቂቃ ከዘገየ ግን መድፈኛው ባዶ ነው ብሎ የሚተኩስበት ቦታ ላይ ጓዶቹ ደርሰዋል።

ሁለተኛው «ይሄ መረጃ ብቻ ነው የሚሰጠው» ብሎ ማለፍ ነው። የንፋስ ፍጥነት የሚነግር ሰርቪስ አስቡ። ለዕለታዊ ሪፖርት ብቻ ሲያገለግል ቢሳሳት የሚያፍረው ሪፖርቱን የጻፈው ነው። ነገ የመድፍ ተኩስ የሚያሰላ ሌላ ሰርቪስ ሲጠራው ግን፣ አንድ መስመር ኮዱ እንኳ ሳይነካ አደገኛ ሆኖ ያድራል። የአሜሪካ ጦር የደህንነት መለኪያ የሆነው ሚል-ስታንዳርድ 882ኢ ሶፍትዌርን የሚመዝነው በጉዳቱ ክብደትና ሶፍትዌሩ በመሣሪያው ላይ ባለው የማዘዝ ሥልጣን ነው። ይህን ደግሞ ጠሪውን ሳያውቁ መመዘን አይቻልም። «ማን ይጠራዋል?» የሚል ዝርዝር ከሌለ ግምገማው አልተጀመረም።

ሌላው የሌላ ቦታ ሰርተፊኬት (ተፈትሾ ደህና ነው የተባለበትን ወረቀት) ይዞ መምጣት ነው። ከዘጌ ማገዶ ጭኖ የሚመጣ የደንገል ታንኳ ጣና ላይ ደህና ታንኳ ነው፤ ወደ ጢስ ዓባይ ይዛችሁት ውረዱና እዩት። የአውሮፓው ሮኬት አሪያን 5 ወታደራዊ አልነበረም፤ ግን እ.ኤ.አ. በ1996 የወደቀው እንዲህ ነው። ከአሪያን 4 በወረሰው ሶፍትዌር ውስጥ አንድ ባለ 64 ቢት ቁጥር (ቢት ኮምፒውተር ቁጥር የሚጽፍበት ቦታ መለኪያ ነው) ወደ 16 ቢት ሲለወጥ ቦታው አልበቃውም፤ ሮኬቱ በተነሣ በ40 ሰከንድ ገደማ ወደመ። ያው ኮድ አሪያን 4 ላይ ችግር አልፈጠረም ነበር።

ለአጭር ጊዜ ፈትኖ ለረጅም ጊዜ ማሠራትም አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ዳህራን ላይ አንድ የፓትሪዮት ፀረ ሚሳይል ባትሪ (ራዳርና ማስወንጨፊያ ያለው ምድብ) ሳይጠፋ ከ100 ሰዓት በላይ ሠርቶ ነበር። ሰዓቱ የሚቆጥርበት የሰከንድ አንድ አሥረኛ በ24 ቢት ሲጻፍ ጥቂት ይጎድለዋል፤ ጉድለቷ ተጠራቅማ 0.34 ሰከንድ ገደማ ሆነች፤ ራዳሩ የኢራቅን ስከድ ሚሳይል ከሌለበት ፈለገው። 28 አሜሪካውያን ወታደሮች ሞቱ። የተስተካከለው ሶፍትዌር የደረሰው በማግሥቱ ነው።

አንዱ ሰርቪስ ሲወድቅ ሌላ መተካት የዚህ አሠራር ውበቱ ነው፤ ሰርተፊኬቱ ግን የተሰጠው ለታወቀ ጥምረት ነው። የተፈቀዱ ጥምረቶችን አስቀድማችሁ ፈትኑ፤ ለመልሱ ጊዜና ለመረጃው ዕድሜ ጣሪያ አኑሩ፤ ከዚያ ያለፈውን ሲስተሙ አይቀበል። አየር መከላከያ ላይ አለመተኮስም አደጋ ስለሆነ፣ እዚያ ውሳኔው ወደ ሰው ይመለስ።

በመጨረሻ፣ ወረቀት ለማሟላት ብቻ መጻፍ። የእንግሊዝ ኒምሮድ የጦር አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2006 አፍጋኒስታን ላይ ሲወድቅና 14 ሰዎች ሲሞቱ የደህንነት ሰነዱ ቀድሞ ተዘጋጅቶ ነበር። ጥፋቱ የሶፍትዌር ሳይሆን የነዳጅ ነበር፤ ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው ምርመራ ሰነዱ አውሮፕላኑ ድሮም ደህና ነው ከሚል ግምት ተነሥቶ እንደተሠራ ገለጠ። እንዲህ ያለ ሰነድ እጃችሁ ሲገባ መጀመሪያ ያልተሳካ ፈተና የተመዘገበበትን ገጽ ፈልጉ።