ሰኞ ጠዋት ወዴት ይኬዳል?

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ በመጣው የመጀመሪያ ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ነቃሁ። የስልኬን ማንቂያ አጥፍቼው ነበር፤ ሰውነቴ ግን ወሬውን አልሰማም። ተላጨሁ፣ ሸሚዝ ለበስኩ፣ ክራቫት አሰርኩ። በሩ ጋ ስደርስ ነው ነገሩ የገባኝ። የምሄድበት የለም።

ተመልሼ ሶፋ ላይ ቁጭ አልኩ። ባለቤቴ ከመኝታ ቤት ወጥታ ከነክራቫቴ አየችኝና "እንግዳ ይመጣል እንዴ?" አለች።

31 ዓመት የሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። የመሥሪያ ቤቱ ሳንቲም የት እንደገባ አውቃለሁ። የራሴን ቀን እንዴት እንደማወጣው ግን አላውቅም ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ወራት በቴሌቪዥንና በቀን እንቅልፍ ፈጀኋቸው። ወገቤ ተያዘ፣ ጠባዬ ከፋ። ከዚያ ወዲህ ያለውን ስድስት ዓመት ግን በደንብ ኖሬበታለሁ ባይ ነኝ። እንደኔ ክራቫት አስሮ በር ላይ ለቀረ ሰው ይጠቅም እንደሆነ፣ የደረስኩበትን ልንገራችሁ።

ጫማ የሚያስደርግ ጉዳይ

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ፕሮግራም ማውጣት ነው። ቀኑን በኤክሴል በግማሽ በግማሽ ሰዓት ከፋፈልኩት። ለንባብ አንድ ቀለም፣ ለስፖርት ሌላ ቀለም ሰጥቼ፣ አትሜ ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። አራት ቀን ቆየ። በአምስተኛው ቀን ባለቤቴ ጀርባው ላይ የአስቤዛ ዝርዝር ጻፈችበት።

አሁን ያለኝ ሕግ አንድ ብቻ ነው። በየቀኑ ከምሳ በፊት ጫማ የሚያስደርገኝ አንድ ጉዳይ ይኑረኝ። አንድ ይበቃል። ሰኞ ገበያ፣ ማክሰኞ ቤተ መጻሕፍት፣ ረቡዕ ከድሮ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ቼዝ። ጉዳዩ ትንሽ ቢሆንም ግድ የለም። የሚጠብቀኝ ሰው ካለ ደግሞ ይሻላል፤ እሱን አፍሬ ስለማልቀር። ከሰዓት በኋላ ያለው ነፃ ነው። ማንቀላፋትም ይፈቀዳል።

በነገራችን ላይ፣ ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1889 የእርጅና ጡረታ ሕግ ስታወጣ መነሻ ዕድሜው 70 ነበር። ወደ 65 የወረደው በ1916 ነው። በዚያ ዘመን 70 ዓመት ሞልቶ ጡረታውን የሚበላ ሰው ብዙ አልነበረም። እኛ ግን በ60 ወጥተን ሌላ 20 ዓመት ሊጠብቀን ይችላል። 20 ዓመት ደግሞ ሶፋውም አይችለውም።

"ለመቼ ነው የሚፈልጉት?"

የመጀመሪያ የገበያ ቀኔ አራት ኪሎ ቲማቲም ገዛሁ። ሁሉም ቀይ፣ ሁሉም የበሰለ፣ አንድም እንከን የሌለው። ረቡዕ ላይ ግማሹ ውኃ ሆኖ ቅርጫቱን አረጠበው። ባለቤቴ ምንም አልተናገረችም። የቆሻሻ ባልዲውን ብቻ አቀበለችኝ።

በሚቀጥለው ሰኞ አቮካዶ ፊት ቆሜ አንዱን በአውራ ጣቴ እየተጫንኩ እጥላለሁ፣ ሌላውን አነሳለሁ። ሻጯ ትንሽ ታገሠችኝና ፍሬውን ቀስ ብላ ከእጄ ወሰደችው። "አባባ፣ አይጫኑት፤ ይጠቁርብኛል። ለመቼ ነው የሚፈልጉት?"

ሁለት ነገር ደነገጥኩ። አንደኛ፣ ሰው "አባባ" ሲለኝ ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ሁለተኛ፣ ለመቼ እንደምፈልገው አስቤበት አላውቅም። ዝም ስላት ሦስት አቮካዶ መረጠችልኝ። አንዱ ከዛፉ የተቆረጠበት ጫፍ አጠገብ ሲነኩት ለስለስ ያለ ነው፤ "ይሄ የዛሬ"። ሁለተኛው ትንሽ ብቻ እሺ የሚል፤ "ይሄ የረቡዕ"። ሦስተኛው ድንጋይ፤ "ይሄ የዓርብ"።

ከዚያ ወዲህ የምገዛው እንደዚያ ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ግን የትኛው ፍሬ ቤት ውስጥ እንደሚበስል ማወቅ አለባችሁ። ሙዝ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ አቮካዶና ቲማቲም ከተቀጠፉ በኋላም ይበስላሉ። አናናስ፣ ብርቱካን፣ ወይንና እንጆሪ ግን በተቀጠፉበት ይቀራሉ። ስለዚህ እነዚህን "ቤት ሄዶ ይጣፍጣል" ብላችሁ አትግዙ። አይጣፍጥም። አናናሱን ከሥሩ አሽትቱት፤ ጣፋጭ ሽታ ካለው የበሰለው እሱ ነው። ብርቱካኑን በእጃችሁ መዝኑት፤ ሁለት እኩል ከሚያህሉ ብርቱካኖች ውኃ ያለው የሚከብደው ነው።

የዓርቡ አቮካዶ ረቡዕ ቢፈለግስ? ከበሰለ ሙዝ ጋር የወረቀት ከረጢት ውስጥ ዝጉት። ሙዝ ኤትሊን የሚባል ጋዝ ያወጣል፤ ጋዙ ሌላውንም ፍሬ ያበስለዋል። በተቃራኒው ቶሎ የደረሰባችሁን አቮካዶ ፍሪጅ አስገቡት፤ ሁለት ሦስት ቀን ይቆይላችኋል። ቲማቲምን ግን ፍሪጅ አታስገቡ፤ ብርዱ ጣዕሙን ይገድለዋል። ድንች ጨለማ ይወዳል። ብርሃን ሲያገኘው ይጎመዝዛል፣ አረንጓዴ ይሆናል፤ አረንጓዴው ደግሞ ሆድ ስለሚያሳምም ተቆርጦ ይጣል። ሽንኩርትም ከድንች ጋር አንድ ቅርጫት ውስጥ ባይከርም ጥሩ ነው።

እንቁላል ተጠራጥራችሁ እንደሆነ ውኃ ውስጥ ክተቱት። ትኩሱ ሥር ተጋድሞ ይቀራል። የቆየው ይቆማል። የተንሳፈፈውን ጣሉት። ዓሣ ስትገዙ ዓይኑን እዩት፤ ጥርት ያለና ወጣ ያለ ይሁን። ጭንቅላቱ ጎን ያለውን ክዳን ገልጣችሁ ውስጡ ቀይ መሆኑን ተመልከቱ። ሥጋውን ጫን ስታደርጉት ይመለስ። "ዓሣ ዓሣ" የሚሸት ዓሣ አሮጌ ነው። ይህን የነገረኝ ሻጭ ራሱ ዓሣውን ሊሸጥልኝ እምቢ ብሎ "ነገ ይምጡ" ያለኝ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ ከሌላ ሰው ገዝቼ አላውቅም።

ስለ ሰዓቱ ልበል። ሥራ ላይ ሳለሁ ገበያን የማውቀው ቅዳሜ ቀን፣ በግፊያ ነበር። ቅዳሜን አሁን ለሠራተኛው ተዉለት። በአዘቦት ቀን በጠዋት ሂዱ። ሻጩ ገና ዕቃውን እየደረደረ ነው፤ ለመጫወት ጊዜ አለው። መጀመሪያ ምንም ሳትገዙ አንድ ዙር ዙሩ። በየሳምንቱ ደግሞ ስሙን የማታውቁትን አንድ ነገር ግዙና "ይሄ እንዴት ነው የሚሠራው?" በሉ። ሰው ይህን ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል። አንዷ ቅጠል ሻጭ ስትነግረኝ ሌላዋ "ውሸቷን ነው፣ እንዲህ አይደለም" ብላ ገባች። ሁለቱ ሲከራከሩ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ሰማሁ። ከቴሌቪዥኑ ይሻላል።

ዕቃውን በአንድ እጅ አትሸከሙ። ለሁለት ክፈሉት፤ ወይም ባለጎማ ዘንቢል ግዙ። እኔ ዘንቢሉን ለመግዛት አንድ ዓመት አፍሬያለሁ። ያ ዓመት ለትከሻ ሐኪም የተከፈለ ዓመት ነው።

10,000 እርምጃ ማነው ያለው?

ገበያው ከቤቴ በእግር 25 ደቂቃ ይርቃል። ደርሶ መልስ 50 ደቂቃ መሆኑ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ ደህና እንቅስቃሴ ይመክራል፤ 65 ዓመት ላለፈው ደግሞ ሚዛን የሚጠብቅና ጡንቻ የሚያጠነክር ልምምድ በሳምንት ሦስት ቀን ይጨምርበታል። ገበያ ሦስቴ ከሄዳችሁ 150ው ሞላ።

ቼዝ የምንጫወተው ባልደረባዬ ግን በስልኩ እርምጃ ይቆጥራል። ማታ 9,200 ላይ ከቆመበት ሳሎኑን ይዞር ነበር። 10,000 የሚለው ቁጥር ከሐኪም የመጣ እንዳይመስላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1965 ጃፓን ውስጥ ለገበያ የቀረበ የእርምጃ መቁጠሪያ መሣሪያ ስም ነው፤ "የ10,000 እርምጃ መለኪያ" እንደ ማለት። ይህን ስነግረው ተናደደብኝ። መዞሩን ግን አቆመ። የእኔ መለኪያ ሌላ ነው። እየሄዳችሁ ማውራት ከቻላችሁ፣ መዝፈን ግን ካቃታችሁ፣ ልኩ እሱ ነው።

ለሚዛን ደግሞ ጥርሳችሁን ስትቦርሹ በአንድ እግር ቁሙ። አንድ እጃችሁ የመታጠቢያውን ጠርዝ ለመያዝ ዝግጁ ይሁን። እኔ በስድስት ሰከንድ ጀምሬ አሁን 25 ደርሻለሁ። ጭንቅላቱ የሚዞርበት ወይም ጉልበቱ የሚከዳው ሰው ይህን ከመሞከሩ በፊት ሐኪሙን ያማክር።

ዋናም ሞክሬ ነበር። አልወደድኩትም፣ ተውኩት። መተውም ይቻላል። ጡረታ ላይ ቅጣት የለም።

ጉዞ ላይ ስትወጡ

የመጀመሪያውን ጉዟችንን ያወጣሁት እንደ ሒሳብ መዝገብ ነበር። በስምንት ቀን አምስት ከተማ። ዛሬ ከዚያ ጉዞ የማስታውሰው ሻንጣ ስከፍትና ስዘጋ ነው። በቀጣዩ ዓመት አንድ ከተማ መረጥንና ዘጠኝ ቀን ተቀመጥን። በሦስተኛው ቀን ዳቦ ሻጩ ገና ከሩቅ ሲያየን ሁለቱን ዳቦ ይጠቀልል ጀመር። የት እንደነበርን ሰው ሲጠይቀኝ ትዝ የሚለኝ ያ ሰውዬ ነው።

አሁን የምንጓዘው እንዲህ ነው። ትምህርት ቤት ሲዘጋ አንንቀሳቀስም፤ ያኔ ዋጋውም ሰልፉም ሌላ ነው። ትምህርት ሲከፈት፣ በሳምንቱ መሐል እንወጣለን። የደረስንበት ቀን ምንም አናይም። በሁለተኛው ቀን ጠዋት የከተማውን ገበያ እንሄዳለን፤ ሰው ምን እንደሚበላ ካየሁ በኋላ ሙዚየሙም ይገባኛል። ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኔና ባለቤቴ ለሁለት ሰዓት ያህል እንለያያለን። እሷ ሥዕል ትወዳለች፤ እኔ አግዳሚ ወንበር። ማታ ስንገናኝ የምናወራው ይኖረናል። ለ38 ዓመት በትዳር ለኖረ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ፓስፖርታችሁን ዛሬ አውጥታችሁ እዩት። ብዙ አገሮች ቢያንስ የስድስት ወር ዕድሜ እንዲቀረው ይፈልጋሉ። የእኔ አራት ወር ቀርቶት ነበር። አየር ማረፊያው ላይ ወጣቷ ሠራተኛ ቀኑን ሁለት ጊዜ አየችው፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። ሻንጣችንን ይዘን ተመለስን። ባለቤቴ ታክሲ ውስጥ "31 ዓመት ሒሳብ ሠራተኛ" አለች እንጂ ሌላ አልጨመረችም።

መድኃኒት ሁልጊዜ በእጅ ሻንጣ ይሁን፤ የሚላከው ሻንጣ ሊጠፋ ይችላል። ኢንሱሊን ደግሞ እዚያ ከገባ በብርድ ሊበላሽ ይችላል። ከነማሸጊያው ያዙት፤ ከምትቆዩበት ቀን በላይ የአንድ ሳምንት ጨምሩበት። የሐኪሙ ማዘዣ ላይ የንግድ ስሙ ብቻ ሳይሆን ጄኔሪክ የሚባለው ዋናው ስም ይጻፍበት፤ የንግድ ስሙ ከአገር አገር ይለያያል። የጉዞ ኢንሹራንስ ስትገቡ ያለባችሁን ደም ግፊትም ሆነ ስኳር አትደብቁ፤ የደበቃችሁት ነገር ካሳ ስትጠይቁ ይወጣል። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ ያለው ሰው አያሳድሰውም፤ እ.ኤ.አ. ከ2016 ወዲህ ለዕድሜ ልክ ይሠራል። 60 ካለፋችሁ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ የምትከተቡ ከሆነ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አትከተቡ።

በረራው ከአራት ሰዓት ከበለጠ መተላለፊያው አጠገብ ያለውን ወንበር ጠይቁ። በየሰዓቱ ተነሱ፤ መነሳት ካልተቻለ ተረከዛችሁን ከፍ ዝቅ አድርጉ። ብዙ ሰዓት መቀመጥ እግር ላይ ደም ያረጋል። ውኃ ሳይጠማችሁ ጠጡ። ዕድሜ ሲገፋ ጥማት ራሱ ይዘገያል፤ የአውሮፕላን አየር ደግሞ ደረቅ ነው። የሰዓት ለውጡን ሰውነት በአማካይ በቀን አንድ ሰዓት ያህል ነው የሚለምደው፤ ወደ ምሥራቅ ሲሆን ይብሳል። ስድስት ሰዓት የሚለያይ አገር ሄዳችሁ በማግስቱ ጠዋት አስጎብኚ አትቅጠሩ። እኔ ቀጥሬ፣ ሰውየው ሲያስረዳ ምሰሶ ተደግፌ አንቀላፍቻለሁ።

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ነው። የጉዞን ገንዘብ ከወር ወጪ ጋር አትቀላቅሉ። ለብቻው ይቀመጥ፣ በየወሩ ትንሽ ይግባበት፤ በሞላበት ዓመት ትሄዳላችሁ።

ሻንጣ መረከቢያው ላይ ደግሞ ጥቁር ሻንጣ ሁሉ አንድ ነው። ክራቫቶቼ ለዚህ ጠቅመውኛል። ቀዩን የእኔ እጀታ ላይ፣ ሰማያዊውን የባለቤቴ ላይ አሥሬያለሁ፤ ከሩቅ ይታያሉ። እናንተም ካሰራችሁ አጥብቁት፤ ጫፉ ከተንጠለጠለ ማሽኑ ይይዘዋል።