ማስረጃ እያለ መረታት፦ ችግርና መፍትሄ

ክስና መልስ መጻፍ፣ ዳኝነት መክፈል፣ ቀጠሮ ማክበር ይታወቃል ብዬ እዘለዋለሁ። የማነሣው በፍትሐ ብሔር ክርክር ደጋግሜ ያየሁትን ብልሽት ነው፤ ማስረጃው በእጁ ያለ ሰው በጊዜው ባለማቅረቡ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሌላ ሕግ ካልጠቀስኩ በቀር ቁጥሮቹ በ1958 ዓ.ም. ከወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ናቸው።

ምልክት፦ መዝገብ ቤቱ ክሱን መለሰው።
ምክንያት፦ የማስረጃ ዝርዝር የለም። ቁጥር 223 ከሳሽን፣ ቁጥር 234 ተከሳሽን ዝርዝር እንዲያያይዝ ያዛል። መፍትሄው ጽፎ ማያያዝ ነው።

ምልክት፦ ምስክሩ በር ላይ ቆሞ «አይሰማም» ተባለ።
ምክንያት፦ ስሙ በዝርዝሩ ውስጥ የለም። «ሌሎችም ምስክሮች አሉኝ» የሚል መስመር ስም አይሆንም፣ አድራሻም አይሆንም።
መፍትሄ፦ የተቆጠረው ምስክር ሞቶ ወይም አገር ለቆ ከሆነ፣ የመተካቱን ምክንያት ከነማስረጃው በማመልከቻ አስቀድማችሁ አቅርቡ። በቀጠሮው ጠዋት በቃል መለመን ዳኛ ያስቆጣል እንጂ ምስክር አያስገባም።

ምልክት፦ ሰነዱ እውነተኛ ነው፣ ጉዳዩንም ይወስናል፤ ችሎቱ ግን አልቀበልም አለ።

በየዓመቱ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። የመጀመሪያው ምክንያት ሰነድን መደበቅ ነው። አንድ ሽማግሌ 180,000 ብር ብድር አልከፈልክም ተብለው ተከሰሱ። መልሳቸውን ራፖር ጸሐፊ (ክስና መልስ በክፍያ የሚጽፍ ሰው) ጽፎላቸዋል፤ «ከፍያለሁ» ይላል፣ ሦስት ምስክሮችም ተቆጥረዋል። እኔ የገባሁት የመጀመሪያው ቀጠሮ ካለፈ በኋላ ነው። ምስክር በሚሰማበት ዕለት፣ ችሎቱ ከተሰየመ በኋላ፣ ከኮታቸው የውስጥ ኪስ በላስቲክ የተጠቀለለ የባንክ ገቢ ደረሰኝ አወጡ። አራት ቦታ ታጥፎ እጥፋቱ ነጭ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ይህን ማን አይቶታል?» አልኳቸው በሹክሹክታ።

«ማንም! ካሳየሁትማ መላ ይፈልጉለታል፣ ልጄ። ጊዜው እስኪደርስ ነው የያዝኩት።»

ዳኛውም ያንኑ ጠየቁ፤ ሽማግሌውም ያንኑ መለሱ። የባላጋራ ጠበቃ አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ተናገረ፦ በቁጥር 256 መሠረት እንቃወማለን። ድንጋጌው በእጅ ያለ ሰነድ ሁሉ ቢዘገይ በመጀመሪያው ቀጠሮ እንዲቀርብ ያዛል፤ ከዚያ ወዲያ ያለ በቂ ምክንያት አይቀበልም። ቁጥር 137(3)ም ከዚሁ ጋር አብሮ ይጠቀሳል። ሆን ብሎ መደበቅ በቂ ምክንያት ሊሆን አይችልም፣ እሳቸው ደግሞ መደበቃቸውን በገዛ አፋቸው ለመዝገብ ሰጡ።

ሦስቱ ምስክሮችስ? በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር፣ መከፈሉም ጭምር፣ የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በሚሰጥ እምነት (ባለዕዳው ወይም አበዳሪው ራሱ «አዎ» ብሎ በማመኑ) ወይም በመሐላ ነው። ምስክሮቹ ሲከፈል ያዩ ቢሆኑም አልረቡም። ሽማግሌው አንዱን ብድር ሁለቴ ከፈሉ።

ሁለተኛው ምክንያት የራፖር ጸሐፊዎች ስንፍና ነው። «ተጨማሪ ማስረጃ የማቅረብ መብቴ ይጠበቅልኝ» የሚለውን መዝጊያ በኮምፒውተራቸው አስቀምጠው በየክሱ ሥር ይለጥፉታል። ይህ ቃል የዘጋው እንጂ የከፈተው በር አላየሁም፤ ባለጉዳዩን እያዘናጋ ጊዜውን ያሳልፍበታል። ዝርዝሩ በወጉ ቢሞላ ኖሮ ምን ያደርግለት ነበር?

መፍትሄ፦ መልስ ከመጻፋችሁ በፊት ባለጉዳዩ የቤቱን ወረቀት ሁሉ ጠረጴዛ ላይ ያውጣ። የሚጎዳውንም ጭምር! ኪሱን፣ የመጽሐፍ ቅዱሱን ገጽ፣ የሚስቱን ቦርሳ ጠይቁት። ሰነዱን በቀን፣ በገጽ ብዛት፣ ዋናው በማን እጅ እንዳለ ለይታችሁ ዘርዝሩ። ኮፒ ስታያይዙ ዋናው የት እንዳለ አረጋግጡ። የመጀመሪያው ቀጠሮ ገና ከሆነ ዛሬውኑ አስገቡ፣ ነገ አትበሉ።

ቀጠሮው ካለፈ ያለው መንገድ አንድ ነው፦ ሰነዱ በእጃችሁ በገባበት ሰሞን በቃለ መሐላ የተደገፈ ማመልከቻ ማስገባት። መቼ እንዳገኛችሁት የሚያሳይ ነገር አያይዙ፤ ለምሳሌ ሰነዱን የሰጠው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ቀን። «ረሳሁት»፣ «ራፖር ጸሐፊው ነው»፣ «ጠበቃዬ ነው» ተቀባይነት ሲያገኝ አላየሁም። ተሳክቶላችሁ ቢገባም ለባላጋራ ኪሳራ ሊቆረጥባችሁ ይችላል፤ ባለጉዳዩን አስቀድማችሁ አዘጋጁት።

ምልክት፦ ሰነዱ በባላጋራ ወይም በመሥሪያ ቤት እጅ ነው፣ አልመጣም።
ምክንያት፦ ማንም አልጠየቀም፣ ወይም ትዕዛዙ ተጽፎ መዝገቡ ውስጥ ተኝቷል።
መፍትሄ፦ በዝርዝሩ ላይ በማን እጅ እንዳለ ጻፉ፣ እንዲቀርብም ጠይቁ፤ በመሥሪያ ቤት እጅ ከሆነ መሠረቱ ቁጥር 145 ነው። ትዕዛዙን ግን ራሳችሁ ተከታትላችሁ አድርሱ፤ በገቢ መዝገብ ቁጥርና ማኅተም ይዛችሁ ውጡ። መሥሪያ ቤቱ ዝም ቢል፣ ኃላፊው ቀርቦ እንዲያስረዳ ለመጠየቅ የሚያስችላችሁ ያ ማኅተም ነው። ያለ እሱ ጥፋቱ የእናንተ ይሆናል።

ምልክት፦ ይግባኝ ላይ አዲስ ማስረጃ ታሰበ።
ምክንያትና መፍትሄ፦ ቁጥር 345 ጠባብ ነው። የሥር ፍርድ ቤት መቀበል የሚገባውን ሳይቀበል ከቀረ፣ ወይም ይግባኝ ሰሚው ራሱ ለፍርድ ካስፈለገው እንጂ፣ ለዘገየ ሰው የተተወ ዕድል አይደለም። ስለዚህ ችሎቱ ሰነዳችሁን ሲመልስ ማቅረባችሁን፣ የሰጣችሁትን ምክንያትና ተቃውሟችሁን በመዝገቡ አስጽፉ። ሳይጻፍ ከወጣችሁ ይግባኝ ሰሚው «ይህን ሰነድ መቼ አቀረባችሁት?» ሲላችሁ የምታሳዩት መስመር አይኖርም።