ልጅ መሬት ላይ ተንከባሎ ሲያለቅስ፦ ከለቅሶው በፊት፣ በለቅሶው መካከልና በማግስቱ ምን ይደረግ?

ሱቅ በር ላይ ከረሜላ ተከልክሎ የሚንፈራገጥ ልጅ ሲታይ አላፊ አግዳሚው ሁለት ዓይነት ምክር አለው፤ «አንድ ጊዜ ቆንጠጥ አድርጊው» እና «በቃ ስጪው፣ ምን ያስለቅሰዋል!»። ሁለቱም ለዚያች ደቂቃ ጸጥታ ያመጡ ይሆናል፤ የሚቀጥለውን ለቅሶ ግን ያብሱታል።

የእልህ ለቅሶ ከ1 ዓመት ግድም ጀምሮ ይታያል፣ በ2 እና በ3 ዓመት መካከል ይበረታል፣ ከ4 ዓመት በኋላ አብዛኛው ልጅ ላይ እየቀለለ ይሄዳል። በዚህ ዕድሜ ልጁ የሚፈልገውን አሳምሮ ያውቃል፤ የሚናገርበት ቃል ግን ገና አልሞላለትም። ስሜትን የሚገታው የአንጎል ክፍል ደግሞ እድገቱን የሚጨርሰው ሰው ከ20 ዓመት ካለፈ በኋላ ነው። ስለዚህ «ዝም በል!» ተብሎ ዝም የማይለው ልጅ ወላጁን ንቆ አይደለም፤ ራሱን የሚያበርድበት ነገር ገና ስለሌለው ነው። እስኪኖረው ድረስ እርጋታውን የሚያበድረው አጠገቡ ያለው ትልቅ ሰው ነው።

ከለቅሶው በፊት

አንድ ወረቀት ግድግዳ ላይ ይለጥፉና ለ7 ቀን ይመዝግቡ፦ ለቅሶው በስንት ሰዓት ተነሳ፣ ከምን በኋላ፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ማን ምን አደረገ። በብዙ ቤት ውጤቱ ተመሳሳይ ነው፤ ለቅሶው ምሳ ሊደርስ ሲልና ከቀኑ 11 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ባለው ጊዜ ይበዛል። ያን ጊዜ ልጁ ርቦታል፣ ደክሞታል፣ ወላጁም ከሥራ ገና መግባቱ ነው።

እንቅልፍን በቁጥር ያስሉት። ከ1 እስከ 2 ዓመት ያለ ልጅ የቀኑን ጨምሮ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ11 እስከ 14 ሰዓት መተኛት አለበት፤ ከ3 እስከ 4 ዓመት ያለው ከ10 እስከ 13። አባቱን እየጠበቀ ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚተኛና ለትምህርት ቤት ጠዋት 12 ሰዓት የሚቀሰቀስ የ3 ዓመት ልጅ ያገኘው 8 ሰዓት ብቻ ነው። በዚህ ልጅ ላይ ሌላ ዘዴ ከመሞከር በፊት መስተካከል ያለበት ይህ ነው።

ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ መክሰስ ይስጡ፤ ሙዝ፣ የተቀቀለ ድንች፣ እርጎ ወይም ዳቦ ይበቃል። ዳቦውን በሻይ ማብላት የተለመደ ቢሆንም ሻይ ሰውነት ከምግቡ ብረት እንዳያገኝ ያግዳል፤ ውሃ ወይም ወተት ይሻላል።

ሌላው ትልቅ መነሻ ከጨዋታ በድንገት መነጠል ነው። «5 ደቂቃ ቀርቶሃል» ለ2 ዓመት ልጅ ትርጉም የለውም። «ሁለቴ ትንሸራተትና እንሄዳለን» ግን ይገባዋል። ሁለቴ ከተባለ ሦስተኛ የለም። «ልብስ ትለብሳለህ?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ «እምቢ» ነው። «ቀዩን ካልሲ ነው ሰማያዊውን?» ይበሉ። ሁለት ምርጫ ይበቃል፤ አምስት ሲሆን ምርጫው ራሱ ያስለቅሳል።

ለቅሶው ሲጀምር

መጀመሪያ ድምፅዎን ዝቅ ያድርጉ፣ አንድ ረጅም ትንፋሽ ይሳቡ። ቁጣ በቁጣ ላይ ሲጨመር ልጁ የሚያየው ሁለት የተናደዱ ሰዎችን ነው። ጭንቅላቱ የሚጋጭበት ነገር ካለ ያርቁ፤ መንገድ ዳር ወይም ቡታጋዝ አጠገብ ከሆነ አንሥተው ይውሰዱት። ከዚያ ተንበርክከው ዓይንዎን ከዓይኑ ያስተካክሉ።

አሁን አንድ አጭር ነገር ይበሉ፦ «ተናደድህ። ከረሜላውን ፈልገህ ነበር።» ከዚያ ዝም ይበሉ። ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ጥርስ እንደሚበሰብስ፣ ገንዘብ እንደሌለ፣ ትናንትም እንደተገዛለት ሊያስረዳ ይሞክራል። ልጁ በዚያ ሰዓት ማብራሪያ የሚሰማበት ጆሮ የለውም። አንዳንዱ ልጅ እቅፍ ውስጥ ሲገባ ይበርዳል፤ ሌላው ሲነኩት ይብስበታል። የሚገፋዎት ከሆነ አንድ ክንድ ያህል ርቀው ይቀመጡ፣ ትተውት ግን አይሂዱ። ለቅሶው ወደ ሲቅታ ሲወርድ እጅዎን ይዘርጉ፣ ፊቱን ይጥረጉ፣ ውሃ ይስጡት። ክልከላውን የሚደግሙት ያኔ ነው፤ «ዛሬ ከረሜላ የለም። በእግርህ ትሄዳለህ ወይስ ልዘልህ?»

ቢመታ ወይም ቢነክስ እጁን ያዝ አድርገው «መምታት የለም፣ ያማል» ማለት በቂ ነው። «እንዲቀምሰው» ብሎ መልሶ መንከስ የሚያስተምረው ትልቅ ሰውም እንደሚናከስ ነው።

አፉን ለመዝጋት ከረሜላ፣ ቆሎ ወይም ኦቾሎኒ አይስጡ። የሚያለቅስ ልጅ አየር በኃይል ስለሚስብ ሊያንቀው ይችላል።

ታክሲ ውስጥ ወይም ለቅሶ ቤት ከሆነ ይዘውት ወጣ ይበሉ፤ ሰው ሲበዛ ወላጁም ለልጁ ሳይሆን ለተመልካቹ መሥራት ይጀምራል። ምክር ለሚሰጠው ሁሉ «እግዜር ይስጥልኝ፣ አሁን ይረጋጋል» ይበቃዋል።

20 ደቂቃ አልቅሶ ያገኘ ልጅ

ይሄኛው ነጥብ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ልጁ 20 ደቂቃ ካለቀሰ በኋላ ከረሜላው ከተሰጠው የሚማረው የከረሜላ ዋጋ 20 ደቂቃ መሆኑን ነው። አንዳንዴ የሚሰጥ፣ አንዳንዴ የሚከለክል ቤት ደግሞ ከሁሉ የበረታ ለቅሶ ያፈራል፤ ልጁ ዛሬ የትኛው ቀን እንደሆነ ሳያውቅ እስከ መጨረሻው ይሞክራላ። የሚሰጡት ከሆነ ገና ሲጠይቅ፣ ሳያለቅስ ይስጡት። የማይሰጡት ከሆነ ቢያለቅስም አይስጡት።

መከልከል ሲጀምሩ ለቅሶው ለጥቂት ቀናት ከበፊቱ ይብሳል። ይህ መድኃኒቱ እየሠራ መሆኑን ያሳያል፤ ነገር ግን አብዛኛው ቤት የሚሸነፈው በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን፣ ለቅሶው ጣራ ሲነካ ነው። ያኔ ከሰጡ አዲሱ ዋጋ ከበፊቱ የከበደ ይሆናል። ስለዚህ ሕጎቹን ጥቂት ያድርጉ፦ ሰው አይመታም፣ መንገድ ላይ እጅ ይያዛል፣ እሳት አይነካም። ለቀሪው ነገር መለሳለስ ይቻላል።

የእናት «አይሆንም» በአያት ኪስ ከፈረሰም ልፋቱ ከንቱ ነው። አያትን መከልከል ግን አያዋጣም፤ የተሻለው ድርሻ መስጠት ነው። ልጁ በሌለበት፦ «እማማ፣ ከረሜላውን ከምሳ በኋላ እርስዎ ይስጡት፤ ሲያለቅስ ግን ባይሰጡት ደስ ይለኛል።» ሞግዚቷ ጋ ችግሩ ሌላ ነው። ልጁ ሲያለቅስ የቤቱ ሰው እሷ ላይ ስለሚጮህባት ስልክ ትሰጠዋለች፤ ማን ይፈርድባታል? በለቅሶው እንደማትወቀስ በግልጽ ይንገሯት፣ ከላይ ያለውን አካሄድም አብረው ይለማመዱት።

ስልክ ለቅሶ ያቆማል፤ ልጁ ግን መብረድን አይለማመድም፣ ስልኩ ሲወሰድ ደግሞ አዲስ ለቅሶ ይነሳል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ስክሪን አይመክርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት በቀን ከ1 ሰዓት አይበልጥ፣ ከዚያ ቢቀንስ ደግሞ የተሻለ ነው ይላል።

«ጅቡ መጣልህ»፣ «ዶክተሩ ይወጋሃል»፣ «ፖሊስ ይወስድሃል» ማለትም ኋላ ዋጋ ያስከፍላል። በዶክተር የተስፈራራ ልጅ ለ15 ወር የኩፍኝ ክትባት ጤና ጣቢያው በር ላይ ሲደርስ ይጮሃል። ነገ መርካቶ ውስጥ ቢጠፋ መሮጥ ያለበት ወደ ፖሊስ ነው፤ የተነገረው ግን ከፖሊስ እንዲሸሽ ነው።

ቃሉን በሰላሙ ጊዜ ማስተማር

አማርኛ እዚህ ላይ ያግዛል። «ራበኝ»፣ «ደከመኝ»፣ «ከፋኝ»፣ «ፈራሁ»፣ «ናፈቀኝ» እያንዳንዳቸው አንድ ቃል ሆነው ሙሉ ዓረፍተ ነገር ናቸው፤ የ2 ዓመት ልጅ አፍ ይችላቸዋል። ቡና እየፈላ፣ ልብስ እየተጣጠፈ «ደከመህ? ደከመኝ በል» ይበሉት። በቀን 10 ደቂቃ ስልክ አስቀምጠው እሱ በመረጠው ጨዋታ እሱ እየመራ ይጫወቱ። ሲያመሰግኑትም «ጎበዝ» ብቻ አይሁን፤ «ጫማህን ራስህ አደረግህ» ሲባል ምን እንደተወደደለት ያውቃል። «ወንድ ልጅ አያለቅስም» የሚለውን ይተዉት፤ ለቅሶው ሲታፈን በጡጫ ይወጣል።

ትንፋሹ ቢጠፋ

አንዳንድ ልጅ በኃይል አልቅሶ ትንፋሹን ይውጣል፣ ከንፈሩ ይጠቁራል፣ አልፎ አልፎም ራሱን ይስታል። እጅግ ያስደነግጣል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከ1 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ በራሱ ይተነፍሳል። በጎኑ ያስተኙት፣ ሰዓት ይያዙ። አይነቅንቁት፣ ውሃ አይድፉበት፣ ጣትም አፉ ውስጥ አይክተቱ። ከ1 ደቂቃ ካለፈ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ሳያለቅስ ከመጣበት ወይም ዕድሜው ከ6 ወር በታች ከሆነ ወዲያው ሐኪም ቤት ይውሰዱት። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሆንም ይታይ፤ በብረት እጥረት የሚመጣ ደም ማነስ ያለበት ልጅ ላይ ይህ ስለሚበዛ የደም ምርመራ ይጠይቁ።

መመርመር ያለበት መቼ ነው?

ለቅሶው በየጊዜው ከ25 ደቂቃ የሚያልፍ፣ ራሱን ወይም ሌላውን አዘውትሮ የሚጎዳ፣ ወይም 5 ዓመት አልፎትም የማይቀንስ ከሆነ ይታይ። ከለቅሶው ውጭ ደግሞ እነዚህን ያስተውሉ፦ በ12 ወር ስሙ ሲጠራ የማይዞር፤ በ18 ወር የማይራመድ፣ በጣቱ ጠቁሞ የማያሳይ ወይም አንድም ቃል የሌለው፤ በ2 ዓመት «አባባ መጣ» ዓይነት ሁለት ቃል የማያገጣጥም። የነበረውን ቃል ወይም ችሎታ ያጣ ልጅ በየትኛውም ዕድሜ ቢሆን ቀጠሮ አይጠብቅ። «አባቱም ዘግይቶ ነው የተናገረው» እያሉ የሚያልፉት ዓመት ልጁን ይጎዳዋል። ሁለት ቋንቋ መስማትም ልጅን ዲዳ አያደርግም፤ አማርኛውን ማቋረጥ አያስፈልግም።

መነሻው ጤና ጣቢያ ወይም የሕፃናት ሐኪም ነው፤ የመስማት ምርመራ በቅድሚያ ይጠይቁ። አዲስ አበባ ውስጥ ጆይ እና ነህምያ የተባሉ የኦቲዝም (ንግግርንና ከሰው ጋር መግባባትን የሚነካ የእድገት ልዩነት) ማዕከላት አሉ። አሜሪካ ያለ ወላጅ ከ3 ዓመት በታች ላለ ልጅ በየስቴቱ ነፃ የእድገት ግምገማ መጠየቅ ይችላል፤ እስራኤል ውስጥ ደግሞ «ጢፓት ሐላቭ» ወደሚባለው የእናቶችና ሕፃናት ጤና ጣቢያ ይሄዳል። ሲሄዱ ያንን የ7 ቀን ወረቀትና ለቅሶው ሲነሳ በስልክ የተቀረጸ የ2 ደቂቃ ቪዲዮ ይያዙ፤ ልጁ ሐኪሙ ፊት ጸጥ ብሎ መቀመጡ አይቀርም።